በማርሽ የሚወረድ ቁልቁለት

በዚህ ታሪክ ውስጥ አምስት ሰዎች አለን። ስም አልጠራም፤ አንዳንዶቹ ዛሬም እዚያው አገር ናቸው። አንደኛው የከሚሴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለተኛው በእስር ቤት ክፍላችን ውስጥ ትምህርት የጀመረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ሦስተኛው የፈረቃው ኃላፊ ፖሊስ ነው። አራተኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አምስተኛው እኔ ነኝ፦ ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዛሬ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የማጸዳ፣ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለውን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው። ታሪኩን ሳልቆርጥ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተርዳም አንድ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የንግግር ዝግጅት ላይ።

የተያዝኩት ከጁምዓ ሰላት ስወጣ፣ መስጊዱ በር ላይ ነው። ጫማዬን በወጉ አላጠለቅኩም ነበር። ክፍሉን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ፤ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ላብና የልብስ ሳሙና። ሰላሳ ሰው ወለሉ ላይ ተደርድሯል። አዲስ ገቢ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይተኛል፤ እኔም ተኛሁ።

«በጎንህ ሁን። ስንዞር አብረን ነው የምንዞረው» አለኝ አጠገቤ ያለው። ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

መምህሩ ያወጣው ደንብ ነበር። በየቀኑ ከከሰዓት ቆጠራ በኋላ አንድ ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል። ተናጋሪው መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። የጀመረው ሳይጨርስ ተራው ለሌላ አይሰጥም። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ራስ ቅል ያስተማረ ቀን ሁላችንም አናታችንን ስንዳብስ ዋልን።

ሐሙስ ቀን ተራው እኔ ላይ ደረሰ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩ።

«የጣርማ በርን ቁልቁለት በሙሉ ጭነት ስንት ጊዜ ወርደሃል?» አለ መምህሩ።

«ቁጥሩን አላህ ያውቀዋል።»

«እኛ አንድም ጊዜ አልወረድንም። በል አውርደን።»

ብርድ ልብስ አጥፌ ተራራ ሠራሁ። ከጠርዙ ክር መዝዤ መንገድ ዘረጋሁ። ሳሙና መኪናዬ ሆነ፤ የጠርሙስ ክዳኖች ከፊት የሚመጡ መኪኖች። «ፍሬን ለማቆም ነው» አልኳቸው። «ለመውረድ ማርሽ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው መሀል መንገድ ላይ ፍሬኑ ይቃጠልበታል። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ።»

«እኔ ታዲያ ሚስቴን በፍሬን ነበር የያዝኳት ማለት ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ኃላፊውን አመጣው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተራራ» አለ አንዱ።

«ክሩስ?»

«መንገድ ነው።»

«ክዳኖቹስ?»

መልስ አልጠበቀም። ጦር የምናሰልፍ መሰለው። «ማነው የሚያሰለጥናችሁ? ይነሳ!»

የሚነሳው ጨለማ ቤት ብቻውን ይዘጋበታል፤ ጨለማ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ጠያቂ አይገባለትም። የጥየቃ ቀን ቅዳሜ ነው። ሚስቴ ልጃችንን ይዛ እንደምትመጣ መልእክት ልካልኝ ነበር፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስናገረው ሰው ሰልችቶታል። ልነሳ ብዬ ነበር ብል እዋሻለሁ። አላልኩም። ፀጉር አስተካካዩ ሳሙናውን ከእጄ ወስዶ ተነሳ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር አስተካካይ።»

«ፀጉር አስተካካይ ስለ ተራራ ምን ያውቃል?»

«ተራራም አናት አለው ጌታዬ።»

ይዘውት ወጡ፤ ሳሙናው በእጁ ነበር። መምህሩ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ቅዳሜ ልጄን በሽቦው ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አየኋት። የወለቀ ጥርሷን አሳየችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ይዞ ገባ። ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ቦታዬን ለቀቅኩለትና ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ልጅቷን አየሃት?»

«አየኋት።»

«በል ተቀመጥ። ተራው ያንተ ነው፤ አልጨረስክም።» አልቆ የሳሳውን ያንኑ ሳሙና ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ጭነቱ ትንሽ ቀሏል» አለ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መኪናዋን እስከ ታች አወረድኳት።

ተፈትቼ እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ልጆቼን አጥብቄ አሳደግኩ። ልጄ አንድ ቀን የክፍያ ካርዷን ሳታስነካ አንድ ፌርማታ በሜትሮ ስለሄደች መንገዱን በእግሯ መልሻታለሁ። «አባታችሁ እስር ቤት አስተማሪ ነበር» እላቸው ነበር። የቀረውን ዋጥኩት።

አምስተርዳም የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ ይህን ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ፋኩልቲው ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ሰው ይጋብዛል። ያስተማሩትን እዚያ ይንገሩልን» አለኝ። ከሮተርዳም ዙይድ በባቡር ሄድን። ልታስተረጉምልኝ አጠገቤ የቆመችው ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሻሽ አጥፌ ተራራ ሠራሁ፣ ሳሙና አስቀመጥኩ። ሰው ሳቀ። «ይነሳ!» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሌላ ጊዜ እዚያ ጋ ዘልዬ አልፍ ነበር።

«ተራው የእኔ ነበር። ሌላ ሰው ተነሳልኝ። እኔ ዝም አልኩ» አልኩ።

አልተረጎመችም። «ዋክት ኤፈን፣ አባዬ» አለች፤ ቆይ ማለቷ ነው። «እኔ የመጣሁበት ቅዳሜ ነው?»

«አዎ።»

«እኔን እንድታይ ብሎ ነው የተነሳው?»

«አንቺን እንዳይ ብሎ ነው።»

«እኔን ግን ለአንድ ፌርማታ በእግሬ መለስከኝ።»

እዚህ ያደገ ልጅ አባቱን አንተ ይላል፤ ሁልጊዜ እቆጣ ነበር። ያን ቀን አልተቆጣሁም። «ልክ ነሽ። ተርጉሚው» አልኳት። ተረጎመችው። የደች ቋንቋዬ ትንሽ ቢሆንም አንድ ቃል እንዳላለሰለሰችልኝ አውቄያለሁ። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሳሙናውን ይዛ በመስኮት ታይ ነበር። ሮተርዳም ስንደርስ «የተነሳልህ ሰው ስሙ ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። እሷ ታውቀዋለች።

ድምሩ ይኸው። ኃላፊው ምንም አልጎደለበትም። መምህሩና ክፍሉ ዘጠኝ ቀን ያለ ትምህርት ዋሉ፤ ተራው የእኔ ነበርና ማንም አልነካውም። እኔ ሰባት ዓመት በግማሽ እውነት ኖርኩ። ልጄ የጥርሷን ቀን እንደ ድሮው አታስታውሰውም። ፀጉር አስተካካዩ ዘጠኝ ቀን ጨለማ፣ ከዚያም ወዲህ ብርሃን የማይችል ግራ ዓይን። ይህ ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ነው። በዛ አልልም፤ ልጄን አይቻለሁ። ትልቁን የከፈለው ግን እሱ ነው።