ኮምፓሱና የባጃጁ ስፒከር

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ለባሕር ውድድር ዕቃ መራጭ ሆኜ ሁለት ቀን ዋልኩ፣ ያውም ድሬዳዋ ውስጥ፣ አንዱን ቀን ጠብታ ውሃ በሌለበት በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ።

መጋላ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችኝ። ሞባይል እጠግናለሁ። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። የራሴን ስልክ ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ አልቅሼ፣ በማግስቱ ገጥሜው ስስቅ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ወዲያ ባትሪ የሚበላ ነገር ሁሉ ሲበላሽ ሰፈሩ ወደ እኔ መጣ። ሬዲዮ ይመጣል፣ የልጆች መኪና ይመጣል፣ አንድ ጊዜ የጆሮ መስሚያቸውን ያመጡ ሴትዮ ነበሩ፤ ዋጋውን ስነግራቸው አልሰማም አሉኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። አርብ አርብ ግን ክሬኑን ረስቶ የሸራ ጀልባ ሰው ይሆናል። ጀልባዋ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ባለቤቷ ዓሣ ማጥመድ ያቆመ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው መሪውን ይይዛል፣ አጎቴ ሸራውን ይስባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሌሎች ትንንሽ ጀልባዎች ጋር ይወዳደራሉ። ሁለት ዓመት ተከታትለው ከኋላ ሲቆጠር አንደኛ ወጥተዋል።

ታዲያ ለእረፍት ድሬ ሲመጣ ከእናቴ ቤት በፊት የእኔ ሱቅ ገባ። ሁለት ዕቃ ከፎጣ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። አንዱ ጂፒኤስ ነው፤ የሚያምር ስክሪን አለው፣ ሲነካ ድምፅ ያሰማል። ሌላው ኮምፓስ ነው፤ ግማሽ ብርቱካን የሚያክል ብርጭቆ፣ ውስጡ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ላይ ዙሪያውን ቁጥር የተጻፈበት ክብ ነገር ይንሳፈፋል። የመርከብ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጁ ሁለቱንም አምኖ ሰጥቶታል። አንዱን ያስቀራል፣ አንዱን ይመልሳል።

«ሽማግሌው ምን አለኝ መሰለሽ?» አለ፣ ገና ውሃ እንኳ ሳይጠጣ። «‹ነፋሱ ሲዞር የሚነግረን ዕቃ ይዘህ ካልመጣህ፣ በአንተ ቦታ የእህቴን ልጅ አስቀምጣለሁ› አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እጄ እስኪላጥ ገመዱን የሳብኩት ሰውዬ!»

ሲስቅ ነበር የነገረኝ። ዓይኑ ግን አልሳቀም። እዚያ ወደብ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ከብረት ጋር ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው ነው። ያቺ ጀልባ ምኑ እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው።

«ነፋስ መዞሩን ለማወቅ ምን ዕቃ ያስፈልጋል? ፊትህ ላይ አይሰማህም?»

«እዚህማ ተራራው አለ፣ ድልድዩ አለ፣ በእነሱ ወዴት እንደዞረ ታያለሽ። እዚያ ጉም ሲሆን ዙሪያሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ውሃ ነው። ለማንኛውም እኔ ይሄኛውን ነው የወደድኩት» ብሎ ጂፒኤሱን እንደ ሕፃን አቀፈው።

መሞከር አለበት አልኩ። ሱቄ ፊት ለፊት የሚቆም ባጃጅ ነጂ ጎረቤት ነበረኝ፤ በመላው መጋላ ባጃጁ የሚታወቀው ከመታየቱ በፊት በሙዚቃው ነው። የጀልባ ዕቃ ልንሞክር ነው ብዬ እንዲወስደን ጠየቅኩት።

«ጀልባ?» አለ። «ወላሂ ድሬ ላይ ይሄ ቀርቶባት ነበር! ግቡ፣ ግቡ።»

ሁለቱን ዕቃዎች ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ በፕላስተር ለጠፍናቸው፣ ተሳፋሪ በሚያይበት በኩል፣ ከትልቁ ስፒከር አጠገብ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ከዚራ ሰፈር ሄድን። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለ ስለሆነ እጥፋቱ አያታልልም፤ ለዚህ ሥራ የተቀየሰ ይመስላል። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ስንታጠፍ ጂፒኤሱ ቁጥሩን ለወጠ፣ ፍጥነታችንንም ተናገረ። ኮምፓሱ ዝም። በሁለተኛው ማዕዘን ዞርን። ዝም። አንድ አደባባይ ሙሉ ዞርን፣ ኮምፓሱ ያንኑ ቁጥር ይዞ ፍንክች አላለም።

«ሞቷል!» አለ አጎቴ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

ነጂው በመስታወቱ አየን። «አቦ፣ ምናልባት ዘፈኑን ወዶት ይሆናል።»

ሳቅን። እኔም እንደ ሐኪም አንገቴን ነቅንቄ ፈረድኩ፤ «ይሄ አይረባም፣ መልሰው» አልኩ። ሙያተኛዋ ነኝ አይደል?

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተመልሼ የአንድ ስልክ ብሎን ስፈልግ ኮምፓሱን ገፋ አደረግኩት። ወደ ብሎን ማንሻዬ ሲጠጋ ውስጡ ያለው ክብ ነገር እብደት እንደያዘው ዞረ። ብሎን ማንሻዬ ማግኔት ነው። ማግኔቱን ያወጣሁት ደግሞ፣ በገዛ እጄ፣ ከተቃጠለ ስፒከር ነው! ስንት ዓመት ብሎን የለቀምኩበት ማግኔት በየስፒከሩ ሆድ ውስጥ እንዳለ የማውቅ ሴት፣ ኮምፓስ ከስፒከር ጋር አስተኝቼ ሞቷል ብዬ ፈረድኩ። ባጃጁ ሲዞር ስፒከሩም አብሮ ይዞራል፣ ኮምፓሱም ስፒከሩን ተከትሎ። ምን ያድርግ ታዲያ፣ የተጎተተ ሁሉ እንደዚያው ነው። ብቻዬን ግንባሬን መታሁ።

ለአጎቴ ስነግረው ደስ አላለውም። ጂፒኤሱን ከኪሱ ማውጣት ጠልቶ ነበር። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ነገ ቀትር ላይ ደቻቱ እንገናኝ። ውድድሩ የሚደረገው በቀትር ነው፣ ሙከራውም በቀትር ይሁን።»

ድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ የሚተኛ ከተማ ነው። በዚያ ሰዓት ደቻቱ አሸዋ ላይ የሚቆም ፍየልና የእኔ ቤተሰብ ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ይህ አያምልጠኝ ብሎ ድልድዩ ላይ ቆመ፣ ሁለት ሦስት መንገደኛም ጠራ።

አጎቴ የእናቴን ጃንጥላ ዘረጋ። «ይሄ ሸራ ነው። አንቺ ነፋስ ነሽ። ራቅ በዪና ቁሚ። ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋስ አትሄድም፣ ሰያፍ ሰያፉን ነው የምትሄደው፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ እንደ እባብ። ነፋሱ ቦታ ከለወጠ የጀልባዋ አፍንጫም አብሮ ይዞራል። ቀድሞ ያወቀ ቀድሞ ይታጠፋል፣ ያላወቀ በረጅሙ መንገድ ይሄዳል። እኛ ሁለት ዓመት በረጅሙ የሄድነው ለዚህ ነው።»

ከድልድዩ ላይ ድምፅ መጣ፦ «ነፋስ ሆይ፣ ወፍረሻል!»

ሻሌን እያውለበለብኩ ቀስ ብዬ ወደ ጎን ተንሸራተትኩ። አጎቴ ጃንጥላውን ወደ እኔ አስተካክሎ በሰያፍ እየተራመደ፣ በሌላ እጁ የያዛቸውን ዕቃዎች ያያል። ኮምፓሱ ወዲያው ተናገረ። «አሥር ዲግሪ ዞረ!» አለ። «አሁንም አሥር!» ጂፒኤሱን ለማየት ግን ቆሞ አጎንብሶ በገዛ ጥላው ሊሸፍነው ግድ ሆነበት፤ የድሬ ፀሐይ ስክሪኑን ጥቁር መስታወት አድርጋው ነበር። ሲቆም ደግሞ ያ ብልጥ ዕቃ አቅጣጫው ጠፍቶት ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ይጨፍራል። ገባኝ፤ ይሄኛው ከተራመድክ በኋላ የሄድክበትን ይነግርሃል፣ ያኛው ሳትራመድም አፍንጫህ ወዴት እንደሆነ ያውቃል።

«ግን ፍጥነት ይናገራል» አለ አጎቴ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። እንደሚለምነኝ ነበር።

«ለሽማግሌው ደውልና ጠይቀው። የምትቀመጠው ከእሱ ጋር አይደል?»

ደወለ። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተው። ሽማግሌው አማርኛውን ከሶማሊኛ ቀላቅሎ የሚናገር፣ ሳሉ ከንግግሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ሁሉንም ሰማና፦

«ወርያ፣ አንተ ሰው፣ ፍጥነቱንማ ጢሜ ይነግረኛል» አለ። «ነፋስ የሚያውቀውን አምጣ።»

አጎቴ ጂፒኤሱን ዘጋው። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ አሁን ዓይኑም አብሮት ሳቀ።

«አንድ ጥያቄ» አልኩ ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ፣ ትናንት የሠራሁት ስህተት ገና እየቆጠቆጠኝ። «አባባ፣ ጀልባዋ ላይ ሬዲዮ አለ?»

«አለ እንጂ! ከፊቴ ነው የታሰረው። ስፒከሩ ይሄን ያህል ነው፣ ወደቡ ሁሉ ይሰማዋል። ለምን?»

አጎቴና እኔ ተያየን። ኮምፓሱ ሊገጠም የታሰበው ከሽማግሌው ፊት ነው። ያ ሬዲዮ እዚያ ካለ ጀልባዋ ባሕሩን ብትዞር ቁጥሩ ፍንክች አይልም፣ ሽማግሌውም ዕቃውም አይረባም፣ አጎቴም አይረባም ብሎ የእህቱን ልጅ ያስቀምጣል። ሬዲዮው መነሳት አለበት ስንለው መጀመሪያ ስልኩን ዘጋብን። ቆይቶ መልሶ ደወለ።

«ለውድድሩ ቀን ብቻ?»

«ለዘላለም» አለ አጎቴ።

ረጅም ሳል ተሰማ። «እሺ» አለ። «ግን ብትሸነፍ አንተ ነህ የምትዘፍንልኝ።»

በዚያ ዓመት ሁለተኛ ወጡ። ከፊት ሲቆጠር። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ከቦታው አልተነሳም፣ ዛሬም አርብ አርብ ሸራ ይስባል።

ከውድድሩ በኋላ አጎቴ ከጀልባዋ የተነሳውን የሬዲዮ ስፒከር በፎጣ ጠቅልሎ፣ በባቡር ወደ ድሬ በሚመጣ ሰው እጅ ለባጃጅ ነጂው ላከለት።