ከታሽከንት አልማቲ፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ

በማኅበራችን ተራዬን ሁለት ጊዜ ዘለውኛል። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። በየወሩ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን የምንበላና የምንጨዋወት ሴቶች ነበርን። ሌሎቹ ኦክላንድና እዚያው ቅርብ ሲኖሩ እኔ ብቻ ሳን ሆዜ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ከኦክላንድ ወጣ ብላ ኮንኮርድ ከተማ የምትኖረዋ እንኳ ሁለቴ ደግሳለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን «እማማ፣ ሳን ሆዜ ሩቅ ነው» ይሉኛል። እኔ ወደ እነሱ ስሄድ መንገዱ የሚያጥር ይመስላቸው እንደሆነ እንጃ።

ጎረቤቴ ከታሽከንት የመጡ ባልቴት ነበሩ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ጎዶሎ ስለሆነ የልጅ ልጄ መሐላችን ተቀምጣ ትሞላልናለች። አንድ ቀን ባልቴቲቱ አልማቲ የምትባል ሌላ ከተማ ስላለችው እህታቸው ያወሩን ጀመር። ለእህታቸው ልደት ኬክ ጋግረው፣ እጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአውሮፕላን ይሄዱ ነበር። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ አስጠየቅሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አሉ። ኬኩም ክሬሙ ሳይበላሽ ይደርሳል፤ እሳቸውም በነጋታው ይመለሳሉ።

የልጅ ልጄን ካርታ አስወጥቼ በማስመሪያ አስለካኋት። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። «ከዚህ ሳንዲያጎ በይው» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ከኦክላንድ እኛ ቤት ግን ሰባ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ያው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሴትዮዋ ያን ሁሉ አገር ኬክ ታቅፈው ካቋረጡ፣ እነዚህ ባዶ እጃቸውን መምጣት ምን ያቅታቸዋል?

በሚቀጥለው ወር ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ሰብሳቢያችን አፓርታማ ተገናኘን። ነርስ ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ዳቦው ሳይቆረስ ተነስቼ ስለ ታሽከንትና አልማቲ አስረዳሁ። መጀመሪያ ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀምረው ነበር።

የኮንኮርዷ ቀድማ ነገሩ ገባት። ኤርፖርት ድረስ መሄዱስ፣ ሻንጣ ማስመዘኑስ፣ መጠበቁስ ተቆጥሯል ወይ አለችኝ። አልቆጠርኩትም። አንቺስ ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞሪ ትቆጥሪያለሽ ወይ ብዬ አስቀመጥኳት። ሌላዋ፣ አውሮፕላን ላይ ምሳ ይሰጣል፣ ሀይዌይ ላይ ማን ይሰጠናል አለች። ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም።

«ሳቃችሁን ስትጨርሱ መልስ ስጡኝ» አልኩ። «ድግሴን ነው የጠላችሁት ወይስ እኔን?»

አንዷ ዳቦውን አየች፣ አንዷ ሰብሳቢዋን በክርኗ ነካች። ሰብሳቢዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አይቆጡኝ። መምጣቱ አይደለም የከበደን። ያኔ በመጀመሪያው ተራዎ እርስዎ ቤት በልተን ልንሄድ ስንል፣ ሳትደግሙ በሞቴ ብለው የሁላችንንም የመኪና ቁልፍ ሰብስበው ሌማት ውስጥ ደበቁብን። እኔ የሌሊት ሥራዬ ቀረብኝ። ጎረቤትዎ ከታሽከንት አልማቲ ደርሰው በነጋታው ይመለሳሉ፤ እኛ ከእርስዎ ቤት መመለሻ የለንም። የሚመጣው ወር ተራው የእርስዎ ነው፣ እንመጣለን። ቁልፋችን ግን ኪሳችን ውስጥ ይቆያል።»