የልጄ አስራትና የእኔ ጉትቻ

እኔን ደግሞ ታክስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ፈርሚ ሲሉኝ ጣቴን ቀለም ነክሬ የኖርኩ ሴትዮ፣ አሜሪካ መጥቼ የመንግሥት ሂሳብ ላቦካ! ወይ አለመታደል።

ነገሩ የጀመረው በቅንነት ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ እሁድ ደህና ስለሚከፍሏት እሁድ ትሠራለች። ባሏ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ ታክሲ ይነዳል፤ እሁድ ለሱም ገበያ ነው። ስለዚህ አስራታቸውን በካሽ ፖስታ ውስጥ ከተው ለእኔ ይሰጡኛል፣ እኔ አደርሳለሁ። ቤተክርስቲያን ጃንጥላው ሲዞር የራሴን ሁለት ሦስት ዶላር ጣል አደርጋለሁ። የልጄን ፖስታ ግን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ለሚቀመጠው ገንዘብ ያዥ በእጁ ነው የምሰጠው። "በማን ስም?" ይለኛል። እነግረዋለሁ፣ ይጽፋል፣ አለቀ።

ዘንድሮ ሪችፊልድ ቤት ገዙ። ታክስ የሚሠራላቸው ሰው፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ቢሮ ያለው ያገራችን ልጅ፣ "ቤት ስለገዛችሁ አሁን ለቤተክርስቲያን የሰጣችሁትም ከታክስ ይቀነስላችኋል፤ ግን ካሽ ስለሆነ የቤተክርስቲያኑ ደብዳቤ ከሌለ ከንቱ ነው" አላቸው። ልጄ ለገንዘብ ያዡ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"በእኔ ስም የገባ ገንዘብ የለም አለኝ።"

"ምንም?" አለ ባሏ።

"ምንም።"

አማቼ ጨዋ ሰው ነው። ቀስ ብሎ፣ "እማማ፣ ፖስታውን ለማን ነበር የሚሰጡት?" አለኝ። ሰረቁ አላለኝም። አልሰረቁም ብሎም አላዳነኝም። ዓይኑ ደግሞ ሄዶ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ጆሮዬ ላይ! ያን ሰሞን እህቴ ከአገር ቤት የላከችልኝን የወርቅ ጉትቻ አድርጌ እንደ ሙሽራ ስቀባረር ነበር።

ልጄም አየችው። "ማሚ እንደሱ አታደርግም" አለች። ለእሱ ትበለው ለራሷ አላወቅኩም።

ጉትቻዬን አውልቄ ስኳሩ ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። ምሳ ሲያቀርቡልኝ አልወርድ አለኝ። ታክሱ ይቅር፣ ግን በልጄ ቤት እጇ አመል አለበት ተብዬ እንዴት ነው የምኖረው?

እሁድ ጎረቤቴ ቤተክርስቲያን ወሰደችኝ። የወሎ ሙስሊም ናት፣ እኩያዬ፣ ምላሷ ምላጭ። መንገድ ላይ፣ "አሁን እውነቱን ንገሪኝ፣ አልበላሽውም?" አለችኝ።

"ብበላውማ በዚህች በምታስል መኪናሽ እሄድ ነበር?" አልኳት።

እኔ ሆዬ ጠብ ይዤ ነው የገባሁት። ወይ እኔ ሌባ ነኝ ወይ ገንዘብ ያዡ ነው፣ ሌላ ሰው በመሀል የለም ብዬ ቆርጫለሁ። የምስር ሳምቡሳ እየበላ ደረስኩበት።

"የልጄን ገንዘብ ውለድ!"

"እማማ፣ ይረጋጉ እንጂ። ሲሰጡኝ ስሟን ማን ብለው ነበር?"

ነገርኩት። ሰውየው ራሱን ያዘ።

"ይቺ ሴትዮ የእርስዎ ልጅ ናት?" ብሎ ከሳጥኑ አንድ ፖስታ መዘዘ። "ደብዳቤዋ ተጽፎ እኮ ባለቤት አጣ! መዝገቡ ላይ ስም እንጂ ፖስታውን ያመጣው ሰው አይጻፍ፤ ስልክ የላት፣ አድራሻ የላት፣ ስንፈልጋት ከረምን!"

ለካስ የነገርኩት የክርስትና ስሟን ነበር። ታዲያ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስም ሲጠይቁኝ ሌላ ምን ልበል? ቄሱ የሚጸልዩላት በሱ ነው። እግዜር ልጄን በመንጃ ላይሰንስ ስሟ አያውቃትም። እሷ ደግሞ ስትደውል የላይሰንሷን ስም ነዋ የሰጠችው!

"በማይክ ሁሉ ጠርተናታል እኮ" አለኝ።

"እሱንማ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም?"

"ለጸሎት የጠራችኋት መስሎኝ አሜን ብያለኋ!"

አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ይሳቁ! እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሳምንቱን እንቢ ያለኝ ምግብ ባንዴ አሰኘኝና ከፊቱ አንድ ሳምቡሳ አንስቼ ዋጥ አደረግኩ። እሱም ለልጄ ደውሎ የላይሰንስ ስሟን ፊደል በፊደል ጠየቃት፤ በዚያ ስም አዲስ ደብዳቤ አትሞ፣ ማህተም መትቶ ሰጠኝ። ታክሱ ገና ስላልገባ ደረሰላቸው። ልጄ በስልኩ ውስጥ ታልቅስ ትሳቅ አለየሁም፤ ብቻ "ማሚዬ፣ ማሚዬ" ትላለች።

አማቼ ከሥራ ሲመለስ ደብዳቤውን ኮቱን ሳያወልቅ አነበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ተነስ፣ ሌባ አይሳምም።"

"ኧረ እኔ እንደሱ አላልኩም!"

"አፍህማ አላለም። ዓይንህን ነው ጆሮዬ ላይ የያዝኩት።"

ልጄ ከጓዳ ስትንፈቀፈቅ ይሰማኛል። ጉትቻዬን ከጣሳው አወጣሁና ስኳሩን አራግፌ ጆሮዬ ላይ አንጠለጠልኩት።

"ያምርብዎታል፣ እማማ" አለኝ ፈራ ተባ እያለ።

"ታዲያስ! ባንተ አስራት አይደል የገዛሁት?"

ያን ጊዜ እሱም ሳቀ፤ እኔም እራቴን ደግሜ በላሁ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ደጇን በረዶ ስትጠርግ አገኘኋት። ሁሉንም አወራኋት፣ የተሳቀውን፣ ይቅርታውን፣ ትንሽም አጣፍጬ። አካፋዋን ተደግፋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አንቺ እኮ እዚህ ነገር ውስጥ ፖስተኛ ነሽ" አለችኝ። "ፖስተኛ የሰው ስም ይቀይራል እንዴ?"