ደሊል ስለ አሜሪካ ሲያወራ

ደሊል ዙህራን ያገኛት ከባቡር ወርዶ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከወሎ ወጥቶ ጅቡቲ ገባ፤ ከዚያም በመርከብ ላይ ከሰል እያነደደ ስንቱን ባሕር ዞረ። አሜሪካ አገር፣ ኒው ኦርሊንስ በሚባል ወደብ፣ ታሞ ከመርከቡ ሲቀር አንድ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቤቱ አስገብቶ አስታመመው፤ ሙያውንም አስተማረው። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ባቡሩ አዳማ ላይ ቆመ። ደሊል ሳንቡሳ ሊገዛ ወረደ። ሻጯ ዙህራ ነበረች። ምን ምን እንዳወሩ ሁለቱም በደንብ አያስታውሱም፤ ባቡሩ ግን ያለ እሱ ሄደ።

ተጋብተው ከጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ ተከራዩ። እሱ ይሰፋል፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰዉ ወሬ ፍለጋ ደጃፉ ላይ ይሰበሰባል፤ የደሊል ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ አሜሪካ ነው።

«ፎቁንና መኪናውን ተዉት፤ እሱ ያስደንቃል» ይላል መቀሱን አስቀምጦ። «ትራም በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ግን ጥቁር ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። የከፈለው እኩል ነው፣ መቀመጫው ግን ለብቻ!»

«ሴቶቹስ?» ይላል እህል አመላላሹ ጉተማ።

«ሴቶቹ መሪ ይመርጣሉ።»

«ኧረ ተው!»

«ወላሂ! ጥቁሩ ልምረጥ ብሎ ሲሄድ ግን ይደበደባል። ዘንድሮ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጡ መንገደኞች እንደሚሉት፣ ስንዴው በጎተራ ተከምሮ ሰዉ ለዳቦ ይሰለፋል። ይኼ ምን የሚሉት መንግሥት ነው?»

እንዲህ ሲቆጣ ዙህራ ቀና ብላ ታየዋለች። የማታውቃቸው፣ መቼም የማታያቸው ሰዎች ያሳዝኑታል፤ ይህን ነገሩን ትወድለታለች። አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር። የሱቁ ባለቤት፣ እህል ነጋዴው አቶ አብተው ብቅ ያሉ እንደሆነ ደሊል አንገቱን ደፍቶ መስፋት ይጀምራል።

አንድ ቀን ተሻለች ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። የአቶ አብተው ቤት ሠራተኛ ናት ይባላል፤ ባሪያቸው መሆኗን ግን የማያውቅ አልነበረም። ደሊል ስለዚያ ስላስተማረው ሰፊ እያወራ ነበር፤ እናቱ እንደ ከብት የተሸጠች፣ ኋላም ነፃ የወጣች ሴት እንደነበረች። ተሻለች ከበሩ ጥግ ቆማ ሰማችው።

«ጋሼ ደሊል፣ ነፃ ያወጣት ማን ነው?» አለች።

«ሕግ ነዋ።»

«ሕጉ እንዳለ ማን ነገራት?»

ደሊል እጁን ዘረጋ። ቀሚሷን ተቀብሎ ነገ ነይ አላት።

ራት ላይ ዙህራ፣ «ለምን ዝም አልካት?» አለችው።

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። «አብተው ሱሪ ስለካቸው በአፋቸው ነግረውኛል። ከአዋጁ ወዲህ ነው የገዟት። መሸጥ መለወጥ ከተከለከለ በኋላ።»

«እንግዲያ ነፃ ናት?»

«ነፃ ናት።»

«እሷ ግን አታውቅም።»

«ሱቁ የሳቸው ነው፣ ዙህራ። አንቺን የት ላስገባሽ?»

ዙህራ አልተቆጣችም። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሳገባህ ሱቅ ነበረህ እንዴ? አንድ የጨርቅ ሻንጣ ይዘህ ነው የወረድከው» አለችው። ከዚያ ያስቀመጠውን ጉርሻ አንስታ አጎረሰችው።

በማግስቱ ተሻለች ስትመጣ ደሊል አስቀምጦ ነገራት። በአንዴ አልገባትም፤ ደግማ ጠየቀችው፣ ደግሞ ነገራት። ቀሚሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትደባብሰው ቆየች።

«ታዲያ ዛሬ የት ነው የምገባው?» አለች።

«እኛ ቤት» አለች ዙህራ።

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«እመቤትሽ አይደለሁም። ነይ፣ እህቴ።»

ተሻለች ስላልተመለሰች ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ። አቶ አብተው፣ «ዱሮ፣ ከአዋጁ በፊት፣ ከአባቴ የወረስኳት ናት» ብለው መግዛታቸውን ካዱ። ደሊል ለምስክርነት ተጠራ። ስለ አሜሪካ ሲያወራ ድምፁ ጣቢያው ድረስ የሚሰማውን ሰው፣ አሁን ዳኛው ሁለቴ «ጮክ በል!» አሉት። ዙህራ ከሰዉ መሀል ሆና ነጠላዋን ጨብጣ ትሰማለች። ደሊል የሰማውን አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

«በቤቴ ተቀምጠህ!» አሉት አቶ አብተው።

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ። እለቅልዎታለሁ» አላቸው።

ዳኛው ለተሻለች ፈረዱላት።

ሱቁን ለቀቁ። ደሊል የስፌት መኪናውን ከጎጇቸው ደጅ፣ ከግራሩ ሥር አቆመ። የአቶ አብተው ወዳጆች ልብሳቸውን ሌላ ዘንድ ወሰዱ፤ ያን ክረምት ቤቱ ብዙ ቀን በንፍሮ አደረ። ጉተማና ጓደኞቹ ግን የተቀደደ ሱሪያቸውን እየያዙ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ተሻለች ከዙህራ ጎን ቁጭ ብላ ቁልፍ መትከል ለመደች። እናቷ ያወጣችላትን፣ አቶ አብተው ቤት የተቀየረውን ስሟን አንድ ቀን ለዙህራ በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ዙህራ የምትጠራት በዚያ ስም ነበር።

በዓመቱ ጉተማ ተሻለችን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። አባት ሆኖ የተቀበለው ደሊል ነው። መጀመሪያ ግን ወደ ተሻለች ዞሮ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ? እዚህ የሚወስንልሽ የለም» አላት። አንገቷን ሳትደፋ፣ «እሺ ብያለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዲህ ሲጠየቅ አይተው አያውቁም።

ሙሽሮቹ የጉተማ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ አዳሚ ቱሉ ሲሄዱ ዙህራ እስከ ከተማው ዳር ሸኘቻቸው። ስትመለስ ደሊል መኪናው ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ ክር የሚያስገባ መሰላት። ቀረብ ስትል ግን እያለቀሰ ነበር። በርጩማዋን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።