ባለ ሁለት ሞተሯ አውሮፕላን

በደርግ ጊዜ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ የማልጠግነው ነገር የለም እያልኩ አፌን ሞልቼ የማወራ ሬዲዮ ሠሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሪሞት የምትሄድ ባለ ሁለት ሞተር አሻንጉሊት አውሮፕላን ይዘው መጡና «ለአብዮት በዓሉ ሕዝብ ፊት ተንደርድራ ትበራለች፤ አደራ!» አሉኝ።

አንዱ ሞተር ወደፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚዞር ባለችበት ትሽከረከር ነበር። የአንዱን ሽቦ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀያየርኩ። ሁለቱም እኩል ዞሩ። መስማማታቸውን እንጂ ወዴት እንደተስማሙ ልብ አላልኩም።

በበዓሉ ቀን አፍንጫዋን ወደ መድረኩ አድርጌ አስቀመጥኳት። ሕዝቡ «ወደፊት!» ብሎ ሲጮህ ሪሞቱን ተጫንኩ። ወደ ኋላ ተንደርድራ መጥታ ቅልጥሜን ገጨችኝ። ለካ የተበላሸውን ትቼ የደህናውን ሞተር ሽቦ ኖሯል ያቀያየርኩት!

እኔ በልቤ ስንቅ የሚያመላልስልኝ ዘመድ መምረጥ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ያዙ።

«ጓዶች! አሁን ያያችሁት የአድኃሪያንን ጉዞ ነው። ቀጥሎ ጓድ ቴክኒሻን የአብዮቱን ያሳየናል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ምን ላድርግ? አውሮፕላኗን አንስቼ ጅራቷን ወደ መድረኩ አዞርኩና ሪሞቱን ተጫንኩ። አብዮቱም ቂጡን አስቀድሞ ገሰገሰ።