የሁለት ሰው ሳህን

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ከራስ በላይ የሆነ፣ የሁለት ብሎኬት ስፋት ያለው፣ በሽቦ የተጋረደ ቀዳዳ ነበር። ከሥሩ አንድ ወፍራም ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሌሎቹ እስረኞች ከእሱ ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። በሩ አጠገብ፣ ክዳኑ ከተሰነጠቀው የሽንት ባልዲ ጎን፣ አንድ ሽማግሌ ለብቻቸው ነበሩ። በእሳቸውና በቀጣዩ እስረኛ መካከል አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ባዶ ቀርቷል። በዚያ መጨናነቅ መሐል ባዶ ቦታ መኖሩ ገረመኝ።

"አዲስ ሰው በር ላይ ነው የሚተኛው" አለኝ ከመስኮቱ ሥር ያለው። እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር፤ ከመታሰሩ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። "ሽማግሌው ግን ያስላሉ። ከፈራህ ቆመህ እደር።"

የያዙኝ ባምባሲ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ከመተከል ለተፈናቀሉት ሰዎች የሚላከው እርዳታ ለምን እንደዘገየ ጠየቅኩ። መልስ አልተሰጠኝም። በማግስቱ ፒክአፕ መጣና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ጭኖ አሶሳ አመጣኝ። መግቢያው ላይ አንድ ፖሊስ የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደግኖ "ጤነኛ ነህ፣ ግባ" አለኝ። ዘመኑ የኮሮና ነበር።

ስለ ኮሮና ከማንም የተሻለ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይዤ፣ በገበያ ቀን የድምፅ ማጉያ አንግቼ እየዞርኩ ሕዝቡን አስተምር ነበር። የሰጡኝን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በቃሌ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ሽማግሌው ደረታቸውን ይዘው እንደገና ሲያስሉ፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን በነጠላውና በሸሚዙ ሲሸፍን፣ ቆሜ ተናገርኩ።

"ሳል ሁሉ ኮሮና አይደለም" አልኩ። "አባባ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ሀያ ዓመት" አሉ። "ይሄ ሳል የእኔ ነው። ከኮሮና በፊት መጣ።"

"ዶክተር ልከውልናል እንዴ!" አለ ካቦው። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሰው እንዲወደኝ እፈልግ ነበር። ከዚያም ባዶው ቦታ ላይ ካርቶኔን አንጥፌ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው የኩርሙክ አካባቢ ሰው ናቸው፤ የአፍ መፍቻቸው በርታኛ ነው። ወርቅ ለማግኘት ድንጋይ ሲወቅጡና ሲፈጩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። "ወርቁን ሌላ ሰው ወሰደ" አሉኝ፣ ደረታቸውን በጣታቸው እያንኳኩ። "አቧራው እዚህ ቀረ።" ሲተነፍሱ ከውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው "ልጄ ጫካ ገባ ይላሉ። እሱ እስኪመጣ እኔ ተቀመጥኩ" አሉ፤ ወረፋ የሚጠብቁ ይመስል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ስንቅ ይገባል። የእሳቸውን የምታመጣው አሶሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ ልጃቸው ናት፤ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ በጨርቅ በታሰረ ትልቅ ሳህን። እኔ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም፤ ቤተሰቤ የት እንዳለሁ ገና አላወቀም። እሳቸው ሳህኑን ፈትተው በመካከላችን አኖሩና እጃቸውን አልዘረጉም። እኔም እጄን አልዘረጋሁም።

"ብላ፣ ያ ወለዲ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "እኛ አገር ሰው ብቻውን አይበላም። ሳሌን ፈሩ፤ እዚህ ብቻዬን በላሁ። ሆዴ አልጠገበም።"

ሁለት ወር ሙሉ ከእሳቸው ሳህን የቆረሰ አልነበረም። እጄን ዘረጋሁ። "ቢስሚላህ" አሉ፤ እኔም "በስመ አብ" ብዬ ጎረስኩ። ክፍሉ በሙሉ ያየን ነበር። ደግ ሥራ እየሠራሁ መሆኔ ይታወቀኝ ነበር፤ መታየቱም ደስ ብሎኛል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

እንዲህ አራት ቀን በአንድ ሳህን በላን። በሁለተኛው ቀን ራሴን ትንሽ አመመኝና ተወኝ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ባልዲው አላስቸገረኝም። ለመድኩት አልኩ በልቤ። እንዲያውም ለካቦው በኩራት ነገርኩት፤ "ጀግና ነህ፣ እኔ ስድስት ወሬ ነው፣ አሁንም ያቅለሸልሸኛል" አለኝ።

በአራተኛው ቀን ከገንፎው በኋላ ሽማግሌው ልጃቸው የላከችውን ማንጎ በጥፍራቸው ላጡ። ጭማቂው በክንዳቸው ወረደ። ቁራጩን አፍንጫዬ ሥር አድርገው "አሽት፣ የቤቴ ነው። ዛፉን እኔ ተከልኩ" አሉ።

አሸተትኩ። ምንም የለም። ደግሜ ሳብኩ፤ ውሃ የማሽተት ያህል ነበር። ጎንበስ ብዬ የባልዲውን ክዳን አነሣሁ። ምንም።

ወረቀቱ ላይ "ሳል ሁሉ ኮሮና አይደለም" ከሚለው በታች ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንደኛው ሽታ ድንገት ስለ መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው "ሳንባቸው ቀድሞ በታመመ ሰዎች ላይ ይበረታል" ይላል። ገበያ ውስጥ ሁለቱንም በጩኸት አንብቤያቸው ነበር። ሽማግሌው ጎን ስቀመጥ ግን አፌ ላይ የመጣው የላይኛው ብቻ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ይህንንም አሰብኩት። ማንጎውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁና ለካቦው ነገርኩት። በሽታው ያለው እኔ ጋ ነው፣ አባባ ጋ አይደለም አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የነበረው ሰው ካርቶኑን ጎትቶ ሸሸ። ካቦው "አንተ ነህ እንዴ ታዲያ ያስተማርከን!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ የሽማግሌውን ካርቶን ራሱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ የራሱን ቦታ ለቀቀላቸው። እኔ በባልዲው ጎን ብቻዬን ቀረሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ ሳልዞር።

"ማሌሽ" አሉ፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "አንተ እንግዳ ሆነህ መጣህ። እሱም ከአንተ ጋር እንግዳ ሆኖ መጣ። ምን ታደርጋለህ?"

በማግስቱ ስንቅ ሲገባ ሽማግሌው ካቦውን በሌላ ሳህን ገንፎ አስቆረሱት። እሱም ሳህኑን እስከ ክፍሉ መሐል አምጥቶ በእግሩ ወደ እኔ ገፋልኝ። ለመብላት ስጎነበስ ከመስኮቱ ሥር "ቆይ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ሳህናቸው ላይ አድርገው እያዩኝ ነው።

"ቢስሚላህ" አሉ።

"በስመ አብ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ እጃቸውን ሰደዱ። በክፍሉ ርዝመት ተራርቀን አብረን በላን።

ሳህን ከለየን በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጀመራቸው። የፉጨቱ ድምፅ ተለወጠ፤ አጠረ። ጠባቂውን ሆስፒታል ይውሰዱልን ብዬ ለመንኩት። "ሲብስባቸው እንወስዳቸዋለን" አለ። "ለእሳቸው ሲብስ ማለት ዘገየ ማለት ነው" አልኩት። አልሰማኝም። ያን ቀን ጥቂት ብቻ ጎረሱ፤ "ቢስሚላህ" ግን ብለዋል። በነጋታው ከንፈራቸው ጠቆረ። ካቦው ራሱም ትኩሳት ይዞት ነበር፤ የብረት ሳህኑን አንሥቶ በሩን መደብደብ ጀመረ። ሌሎቹም ሳህናቸውን አነሡ። በሩ ተከፈተ።

ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲያወጧቸው በእኔ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። አፍንጫና አፌን ሸፍኜ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እሳቸው መናገር አልቻሉም። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩልኝ፤ እሳቸው አገር ሰላምታው እንዲያ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው የላከችው ሳህን እንደ ልማዱ ገባ። አባቷ መወሰዳቸውን ማንም አልነገራትም። ካቦው ግማሹን ቆርሶ በእግሩ ገፋልኝ። ራበኝ። ጠበቅኩ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ካርቶን ባዶ ነበር። "ቢስሚላህ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶውን ቦታ እያየሁ። ከዚያ የራሴን "በስመ አብ" ብዬ ጎረስኩ። ገንፎው ጣዕም አልነበረውም።

ካቦው በአምስት ቀን ድኖ ተነሣ። እኔ ሁለት ቀን እንኳን በቅጡ አላሳለኝም። ሽማግሌው ግን ሆስፒታል በገቡ በሳምንቱ አረፉ። የነገረን ጠባቂው ነው፤ ለልጃቸው የሚመልሰውን ሳህን ሊወስድ ሲመጣ። አጥበን ሰጠነው።

አሁን ተፈትቼ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በዚህ ወር መምህራችን ስለ መተንፈሻ አካላት ትምህርት ሰጠን። ጤነኛ ሳንባ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ አቅም አለው፤ ለዓመታት በአቧራና በጭስ የተጎዳ ሳንባ ግን ያ ትርፍ አስቀድሞ አልቆበታል፤ እኛ በራስ ምታት የምናልፈው በሽታ እሱን ይጥለዋል አለ። ሁሉም ጻፈ። እኔም በጥንቃቄ ጻፍኩ።

አሶሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጠውን ሴት ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ማንጎ ገዝቼ ተመለስኩ። አባትሽን የገደለው በሽታ የመጣው ከእኔ ነው አላልኳትም። ሽታው ተመልሶልኛል፤ መንገዱን ሙሉ ከፌስታሉ ውስጥ ይሸተኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ካፌ ውስጥ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ትሪ ይዘን ነው የምንበላው። ብዙ ጊዜ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሆኖም ከመጉረሴ በፊት ቀና ብዬ አያለሁ። ራቅ ካለ ጠረጴዛ አንድ ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ አይጠፋም። እሱ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪያነሣ እጠብቃለሁ፤ እሱ አያውቅም።