ከላስታ ያልወረደው አውሮፕላን

ደሳለ የላሊበላ አስጎብኚ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ፤ ጦርነቱ መጥቶ ፈረንጁ ከጠፋ ወዲህ እንግሊዝኛውም እግሩም ሥራ ፈቱ። ጓደኞቹ ጋሸና ሄደው ለሹፌሮች ምግብ ቤት ሲከፍቱ፣ እሱ አሮጌ ላፕቶፑን አቅፎ ቤት ዋለ። ሰዉም «ጌም ይጫወታል» ብሎ አማው። አሚዎቹ ከማማታቸው በፊት አንድ ጊዜ ቢጠይቁት ምን ነበረበት?

ነገሩ ጨዋታ ቢሆን ጥሩ ነበር። በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረሪያ፣ ሲሙሌተር የሚሉትን የሚሠራ አንድ የውጭ ድርጅት የአውሮፕላን ጠባይ የሚያስተካክል ሰው ይፈልግ ነበር። ሞተሩ ምን ያህል ይጎትት፣ ክንፉ ምን ያህል ያንሳ፣ ሁሉም በቁጥር ይሞላል። ለፈተና አንድ አውሮፕላን ሰጡት። ካለፈ ደሞዝተኛ ይሆናል። ካላለፈ ሚስቱ ፈትለወርቅ ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ትሄዳለች፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል፣ ልጃቸውንም እናቷ ወደ ፍላቂት ወስደው ሊያሳድጉ ተስማምተዋል። በዚያ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም።

ደሳለ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ውጭ እየቆመ የእውነተኛው አውሮፕላን ጎማ የቱ ጋ ከአስፋልቱ እንደሚላቀቅ ያይ ነበር። ቤቱ ገብቶ በላፕቶፑ ያንኑ ሲሞክር የእሱ አልነሳ አለ። ክንፉን አበረታለት፤ አሁንም ከበደው። ጨመረለት። በመጨረሻ ልክ እንደ እውነተኛው ተነስቶ ልክ እንደ እውነተኛው ሲያርፍ፣ ፈትለወርቅን ጠርቶ አሳያት። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ለድርጅቱ ላከው። ከዚያ መልሱ መጣ። ባሕር ዳርቻ ባለ ማረፊያ ሞክረውት አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ እስኪያልፍ ድረስ አልቀመጥ ብሏቸዋል። ደሳለ አንብቦ ሳይጨርስ ስህተቱ ገባው፤ የገደለውም መግባቱ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሙሌተሩ የሞተሩን ጉልበት ራሱ ይቀንሳል። እሱ ግን የላሊበላውን፣ አስቀድሞ የቀነሰውን ጉልበት መነሻ አድርጎ ሞላና ሁለት ጊዜ አስቀነሰው፤ የጎደለውን ደግሞ በክንፍ ተካ። በቆላው ወፍራም አየር ያ ክንፍ እንዴት ይውረድ? ሌላ ቦታ ወስዶ አልሞከረውም። መሞከር እንዳለበትም ትዝ አላለው፤ ለእሱ መሬት ማለት ላስታ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጉድጓድ ነው።

ዕለቱን አስተካክሎ ላከ። ሌላ ሰው ቀጥረናል አሉት፣ በትሕትና። ትሕትናቸው ባሰበት።

ፈትለወርቅ ሻንጣዋን እያሰረች ጥፋቱ ምን እንደነበር ጠየቀችው። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አንዴ ብሞክረው ኖሮ ይታየኝ ነበር አላት። እጇ ቆመ።

«ዱባይ ከፍታው ስንት ነው?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ አልቻለም።

«ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው» አላት። «ዜሮ በይው።»

«እንግዲያው ዝቅ ያለውን ቦታ እኔ ሞክሬ እነግርሃለሁ» አለችና የሻንጣውን ገመድ ጠበቅ አደረገች።